ይድረስ ለሰናይት፣ ከአዳማ

ሰናይትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ቁጣውን ስንገናኝ አድርሺልኝ፤ አሁን የናቲ ጥርስ አስጨንቆኛል።

ሰሞኑን ምግብ እምቢ ብሎ፣ ማታ ማታ እጁን እየነከሰ ያለቅስ ነበር። መናገር ስለማይችል ጆሮውን አስመረመርን፣ ሆዱን አስመረመርን። ለካስ የኋላ መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ ኖሯል። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ያ ጡንቻን አላዝዝ የሚል የአንጎል ጉዳት፣ ያለበት ልጅ ምላሱን እንደልቡ ስለማያዝዘው ምግቡ ጉንጩ ውስጥ ተወሽቆ ይቀራል። ሽሮፑም ስኳር አለው። ለሚጥለው በሽታ የሚወስደው ፌኒቶይን ደግሞ ድዱን አሳብጦ ጥርሱን ሊሸፍነው ደርሷል። ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ ሳሎን ድረስ ይሰማል።

የብሩሹን ነገር አታንሺብኝ! አባቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ ያስደግፈውና አገጩን ዝቅ ያደርግለታል፤ ወደ ኋላ ከተንጋለለ ትን ይለዋል። እኔ በጉንጩ በኩል እገባለሁ። ብሩሹን ነክሶ ከያዘ አይጎተትም፤ መንጋጋው እስኪላላ መጠበቅ ነው። ትናንት ጠብቀን ጠብቀን ሲሰለቸን አየኝና ሳቀ። ሆን ብሎ ነው የያዘው፣ ተንኮለኛ!

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ «ልጁ አይረጋጋም» ብሎ መለሰን። ቃጠሎዬን ተይው። ሁለተኛዋ ሐኪም ግን ከራሱ ወንበር ሳታነሳው፣ ተንበርክካ አየችው። ጥርሱን ፍሎራይድ እንደምትቀባው ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። እኔና አንቺ በወንጂ ውሃ ፍሎራይድ ጥርሳችን በልዞ ያደግን! (አሁንም ፎቶ ስትነሺ አፍሽን ትገጥሚያለሽ?) እኛን ያበለዘን ጥርሳችን ገና ሲሠራ ከውሃው ጋር አብዝተን የጠጣነው ነው፤ ይህ ግን በጥቂቱ ከላይ ተቀብቶ ጥርሱን ያጠነክራል አለችኝ።

የተቦረቦሩት ግን እዚህ አይሆኑም፤ አዲስ አበባ ነው። በሙሉ ማደንዘዣ፣ በአንድ እንቅልፍ የሚሞላው ይሞላል፣ የሚነቀለው ይነቀላል። ማደንዘዣው ሊሰጠው 6 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ምግብ አይቀምስም፤ ምራቁ ወደ ሳንባው እንዳይወርድ መተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ሁሉንም በደንብ አስረድታኛለች፣ ገብቶኛልም። ሌሊት ግን ቱቦው ብቻ ነው የሚታየኝ። አባቱም ከእኔ አይሻልም፤ ስለ ቀኑ ካነሳሁበት መኪናውን ሊያጥብ ይወጣል።

ማደሪያ ፈልጌ ብቻ የጻፍኩ አይምሰልሽ። ማለቴ፣ ማደሪያውንም እፈልጋለሁ። ግን... እንዴት ልበልሽ፣ ናቲን ሲያስገቡት በሩ ላይ አብረሽኝ እንድትቆሚ ነው። አንቺ አትደነግጪም። ሥራ ካለብሽ ይገባኛል፣ አልቀየምሽም። ትንሽ እቀየምሽ ይሆናል።

ቀጠሯችን ከጥምቀት በኋላ ነው። ኮንዶሚኒየምሽ ስንተኛ ፎቅ ነበር? ናቲ ከብዷል፣ አባቱም ወገቡን ያመዋል። አራተኛ ከሆነ እግሩን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ከአሁኑ ተዘጋጂ።

አልማዝ