ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት፦ የቮልስዋገን 1.6 ናፍጣ ሞተር ለሚይዙ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጎልፍ፣ በጄታና በፓሳት ላይ የተገጠመውን 1.6 ናፍጣ ሞተር የምትይዙ ደንበኞቻችን ደጋግማችሁ የምትሉን አንድ ነገር አለ፤ «ጠዋት አልነሳ እያለ አስቸግሮናል፣ ፖምፓውን ሥሩልን»። ፖምፓው፣ ማለትም ናፍጣውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ፓምፕ፣ የዚህ ሞተር ውዱ ክፍል ነው፤ ያለ ሙከራ ማሽን ተፈትቶ በትክክል የሚገጠምም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ ፖምፓውን ከማስፈታታችሁ በፊት ምን ምን መታየት እንዳለበት፣ የትኛውስ ብልሽት ሞተሩን እንደሚገድለው በዝርዝር ልናስረዳችሁ ወደድን።

ሞተሩ 4 ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ 76.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ፒስተኑ የሚመላለሰው 86.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠቅላላ ይዘቱ 1588 ሲሲ። እ.ኤ.አ. በ1976 በጎልፍ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ናፍጣ ሞተር ስፋቱ ይኸው ሆኖ ምልልሱ 80 ሚሊ ሜትር፣ ይዘቱም 1471 ሲሲ ነበር። ቱርቦ የሌለው 1.6 በደቂቃ 4800 ዙር ላይ 54 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የመጭመቅ መጠኑ 23 ለ 1 ነው። ናፍጣው የሚረጨው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ እዚያ ተቀጣጥሎ ነው ወደ ሲሊንደሩ የሚወጣው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የዚህች ክፍል ግድግዳ የታመቀውን አየር ሙቀት ይመጠዋል። ይህችን ክፍል በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው ካንዴሌታ የግድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የጠዋት ችግር ፍለጋም መጀመር ያለበት ከካንዴሌታው ነው።

ከካንዴሌታዎቹም በፊት ፊውዛቸው ይታይ። ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ቆርቆሮ ላይ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ በሁለት ብሎን የተያዘች የ50 አምፔር ስስ ብረት አለች። ይህች ብረት የምትሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ከብሎኑ ራስ ሥር ነው፤ ስንጥቁ ከፀጉር ስለሚቀጥን ላየው ሰው ደህና ትመስላለች። በዓይን አትመኑ። ቁልፉን ከፍታችሁ ካንዴሌታው በሚያሞቅበት ሰዓት በመፈተሻ አምፖል የፊውዙን ሁለቱንም ጫፍ ንኩ፤ በአንዱ በርቶ በሌላው ካልበራ ተበጥሳለች ማለት ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ ካንዴሌታዎቹን የሚያገናኘውን ብረት ፈትታችሁ፣ የአምፖሉን አንድ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ካንዴሌታ አናት ጋር አገናኙ። አምፖሉ ያልበራበት ካንዴሌታ ተቃጥሏል። አንድ ሲቃጠል ሞተሩ በሦስቱ ይነሳና እስኪሞቅ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስም ያወጣል። ሁለት ሲቃጠሉ በብርድ ጠዋት አልነሳ ይላል። አዲሱን ስታስገጥሙ የሚጠብቀው በ30 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከተጠበቀ በካንዴሌታው ጫፍ ዙሪያ ያለው ክፍተት ስለሚጠብ ቶሎ ይቃጠላል፤ «በደንብ አጥብቀው» ማለት እዚህ ላይ ጉዳት ነው።

ቀጥሎ ሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) ሞተሩን በምን ፍጥነት እንደሚያዞረው አዳምጡ። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በመታመቅ ሙቀት ስለሆነ ዝግ ብሎ የሚዞር ሞተር ሙቀት አይፈጥርም። ባትሪው፣ የባትሪው ክላምፕ፣ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ በዚሁ አጋጣሚ ይታዩ።

አየር ደግሞ ሌላ ምልክት አለው። ሞተሩ ይነሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል፣ ከዚያ ብዙ ካልተዞረ አይመለስም። በዚህ መኪና ላይ ናፍጣውን ከታንከሩ ስቦ የሚያመጣው ራሱ ፖምፓው ስለሆነ መስመሩ ቢቀደድም አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። «ምንም የሚያፈስ ነገር የለም» የሚል መልስ ችግሩ የለም ማለት እንዳልሆነ የምንነግራችሁ ለዚህ ነው። ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ ለጊዜው ብርሃን በሚያሳልፍ ቱቦ ተኩት፤ አረፋ ካለፈ የሚያስገባውን ቦታ ፈልጉ። የፊልትሮው ጎማ፣ የደረቀ ቱቦ፣ በኖዝሎቹ (ናፍጣውን በሚረጩት) መካከል ያሉት ቀጫጭን የመመለሻ ቱቦዎች፣ የፖምፓው ክዳን ጎማና የነዳጅ መስጫው ዘንግ ጎማ ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፖምፓው ላይ ቢሆኑም ጎማ መቀየር ፖምፓ ማደስ አይደለም፤ ዋጋውም ሥራውም ይለያያል። ፊልትሮ ስትቀይሩ አዲሱን በንጹህ ናፍጣ ሞልታችሁ ግጠሙ፤ አለበለዚያ አየሩን ለማስወጣት ባትሪያችሁን ትጨርሳላችሁ። ከፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ብሎን ደግሞ አትርሱት። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ብቻ ነው፤ ውሃ የገባበት ፖምፓ ውስጡ ይዝጋል፣ ያኔ በእርግጥም የፖምፓ ሥራ ይመጣል።

ጭራሹን የማይቀሰቅስ ከሆነ ፖምፓው ላይ ያለችውን የማጥፊያ ሶሌኖይድ፣ ማለትም ናፍጣውን በኤሌክትሪክ የምትከፍተውንና የምትዘጋውን፣ ስሙ። ቁልፍ ሲከፈት ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት አለባት። ካላሰማች ሽቦዋ ላይ 12 ቮልት መኖሩን ለኩ፤ አንዲት የተነቀለች ሽቦ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ታቆመዋለች።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይለካ። አዲስ ሞተር 34 ባር ይሰጣል፤ ዝቅተኛው ልክ 28 ባር ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 ባር መብለጥ የለበትም። ከዚህ በታች የወረደ ሞተር ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ አልቋል፤ አዲስ ፖምፓ ቢገጠምለት እንኳ ጠዋት አይነሳም።

አሁን ሞተሩን ወደሚገድለው ነገር እንምጣ። በዚህ ሞተር ላይ የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው ጥርሳም ቀበቶ) ሲበጠስ ወይም ጥርስ ሲዘል ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ቺንጋው ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት ብቻ ሳይሆን ፖምፓውንም ስለሚያዞር አገጣጠሙ ከቤንዚን ሞተር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ከነመወጠሪያው እንቀይራለን። ካምሻፍቱ ከበስተኋላው ባለው ስንጥቅ በሚገባ ጠፍጣፋ ብረት ይታሰራል፣ የፖምፓው ፑሌጃ በፒን ይያዛል፣ ቮላኖው (ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ) ደግሞ በማርሽ ሳጥኑ መስኮት በኩል ምልክቱ ላይ ይደረጋል። የካምሻፍቱ ፑሌጃ እንዳይዞር የሚይዘው ሽብልቅ የለውም፤ ሾጣጣ ጫፍ ላይ በጥብቀቱ ብቻ ነው የተያዘው። ስለዚህ ብሎኑ ላልቶ፣ ከኋላው በኩል በቀስታ ተመትቶ ነፃ መውጣት አለበት፤ ቺንጋው ተወጥሮ ካለቀ በኋላ በ45 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። ፑሌጃውን ሳያላላ ቺንጋ ብቻ አውልቆ የሚያስገባ ሰው ታይሚንጉን በግምት ነው የሚሠራው። ውጥረቱም በጣት ተጠምዝዞ የሚታወቅ አይደለም፤ ለዚህ በተሠራው መለኪያ ከ12 እስከ 13 ማንበብ አለበት።

ከታች፣ ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ብሎን በተለይ እንድታስቡበት እንለምናችኋለን። እዚያ ያለው ጥርሳም ፑሌጃ ቦታውን የሚያውቀው በትንሽ ጉብታ ነው፤ ኃይሉን የሚሸከመው ግን ብሎኑ አጥብቆ መያዙ ነው። አሮጌው ብሎን ተመልሶ ሲገባ ወይም ሳይጠብቅ ሲቀር ፑሌጃው በጥቂቱ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ጉብታውን ይቀጠቅጣል፣ ቀጥሎም የክራንክሻፍቱን ጫፍ ይበላዋል። ምልክቱ መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ነጭ ጭስ ይበዛል፣ ታይሚንጉ ተስተካክሎ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይዛነፋል። ደንበኞች ይህንንም «ፖምፓው ነው» ይሉታል። በመጨረሻ ግን ክራንክሻፍት ይቀየራል። ብሎኑ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ የጥብቀት ልኩም እንደ ብሎኑ ዓይነት ስለሚለያይ የሚሠራላችሁን ሰው በየትኛው ልክ እንዳጠበቀው ጠይቁት።

ቺንጋ በተቀየረ ቁጥር የፖምፓው ታይሚንግ (ናፍጣውን የሚረጭበት ቅጽበት) በኮምፓራቶር፣ ማለትም ትንሽ እንቅስቃሴን በሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ፣ ይለካል። በዳሽቦርዱ ሥር ያለው የቀዝቃዛ ማስነሻ ገመድ ወደ ውስጥ ተገፍቶ መሆኑን አረጋግጡ፤ እሱ ተስቦ ከተለካ ንባቡ ሁሉ ስህተት ነው። የዘገየ ታይሚንግ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያመጣል፤ የቀደመው ደግሞ ሞተሩን እንደ መዶሻ ያስመታዋል።

ሞተሩ ሞቆም የሚመታ ከሆነ ኖዝል ይጠረጠራል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲሠራ) እያለ የእያንዳንዱን ኖዝል የቱቦ ዳዶ በየተራ በጥቂቱ አላሉ፤ ምቱ የጠፋበት ላይ ነው ችግሩ። በጨርቅ ሸፍኑት፣ እጃችሁን ከሚረጨው ናፍጣ አርቁ። የቱርቦ የሌለው ሞተር ኖዝል በ130 ባር አካባቢ መከፈት አለበት፤ ከ120 በታች ከወረደ ይቀየራል። ከሥሩ ያለችው የሙቀት መከላከያ ሮንዴላ በወጣች ቁጥር አዲስ ትሁን። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀች ሮንዴላ እሳት ታሳልፋለች፣ አዲሱንም ኖዝል ታቃጥላለች።

ስለ ቴስታታ ሁለት ነገር። በሁለቱ ቫልቮች መካከል ስንጥቅ ተገኘ ተብሎ ወዲያው አይጣል፤ እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ ሥራ አያስተጓጉልም። የተጣመመ ቴስታታ ግን በዚህ ሞተር ላይ አይላጭም፤ ይቀየራል። በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮንም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዶች ወይም ጭረቶች ብዛት ውፍረቱን ይናገራሉ፣ የሚመረጠውም ፒስተኑ ከብሎኩ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። ፒስተን ወይም ብሎክ ካልተቀየረ የወጣውን ዓይነት መመለስ ይበቃል። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ሳታዩት እንዲጣል አትፍቀዱ።

ፍሬኑ ቢደነድን ቫኪዩም ፓምፑን አሳዩን። ናፍጣ ሞተር ራሱ ቫኪዩም ስለማይፈጥር ፍሬኑን የሚያቀልለው ይህ ፓምፕ ነው። የዘይት ፓምፑም የሚዞረው በእሱ በኩል ስለሆነ እንደ ተራ ነገር ተፈትቶ አይጣል፤ ሳይመለስ ሞተሩ ከተነሳ ዘይት አይወጣም።

ጠዋት የማይነሳ መኪና ስታመጡልን ማታ አምጥታችሁ እኛ ዘንድ ያድር፤ ሞቆ የመጣ ሞተር ችግሩን አያሳየንም። የጭሱን ቀለም፣ ከተነሳ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደጠፋና ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጽፋችሁ ያዙ። ከዚህ በፊት ፖምፓው ተነክቶ ከሆነም ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ