የቅዳሜው ጥናት፦ ርዕስ፣ ሰዓትና ቦታ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የፊታችን ቅዳሜ የምንወያየው የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ አብያተ ክርስቲያናትን እንዴት እንደከፋፈለ ነው። ባለፈው ሳምንት የተቀዳው ሻይ ሳይጠጣ ቀዝቅዞ፣ ክርክሩ ደረጃው ላይ ድረስ ተከትሎን ወርዷል። አሁን ረጋ ብለን እንቀመጥበት።

ከቀኑ 9፡00 ሰዓት፣ አራት ኪሎ፣ የተለመደው አዳራሽ። ከፒያሳ የምትመጡ በእግር ብትመጡ ይሻላችኋል።

መነሻችን የራሳችን አገር ታሪክ ነው። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በ2009 እ.ኤ.አ. የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ለማጋባት ወሰነች። የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዓመት፣ በእንዲህ ያለ ግንኙነት የሚኖሩ ሰዎች ቄስ እንዲሆኑ በር ከፈተች። የእኛዋ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2013 እ.ኤ.አ. ከሁለቱም ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። ከስዊድን የመጡ ሚስዮናውያን ለመካነ ኢየሱስ ምን ያህል እንደደከሙላት ለሚያውቅ፣ ቀላል ውሳኔ አይደለም። እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ ግን ሌላውን ወገን ሳንሰማ መፍረድ አልወድም።

ሮሜ 1ን እና የሐዋርያት ሥራ 15ን አንብባችሁ ኑ። የመጀመሪያውን ተቃዋሚዎች፣ ሁለተኛውን ደጋፊዎች ደጋግመው ይጠቅሱታል። መጽሐፍ ቅዱስና ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ኑ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ የማንም ንግግር አይቀዳም፣ ስድብም አይፈቀድም።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ የነገረ መለኮት መምህር እንጋብዝ ወይስ ለብቻችን እንወያይ? የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» በሉ፣ ምርጫችሁንም አብራችሁ ጻፉልኝ። ዳቦ የማዘው በቁጥራችሁ ልክ ነው።