«ጨርሰን እንጠራዎታለን»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ከኋላ ገጽ ጀምሬ ነው የማነበው። ስፖርት ገጹ ላይ ስለ ኳስ ከተነሣ ግን ወሬው የእግር ኳስ ነው። ከዚያ የተረፈችውን ጥግ ደግሞ ሩጫ ይወስዳታል። እኔ ዛሬ ትንሽ ብርቱካን ስለምታህለው የቴኒስ ኳስ ልጽፍላችሁ ነው።

54 ዓመቴ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካዛንቺስ ተወልጄ፣ ካዛንቺስ ተድሬ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከጎረቤቶቼ ጋር አራት ቦታ ተበታተንን። ቢሮዬ ግን አሁንም መሃል ከተማ ነው። ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ እንቅስቃሴ ያስፈልግሻል ከተባልኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በእግር ሞከርኩ፣ ሰለቸኝ። ብቻዬን ስሄድ የማስበው ያንኑ የቢሮ ሒሳብ ነው። ወንዝ ዳር ያለውን ክበብ ያገኘችልኝ ልጄ ናት። ልጅ ሳለን ያንን ወንዝ አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምንሻገረው፤ አሁን ዳር ዳሩን የእግረኛ መንገድ ተሠርቶለታል። የክበቡ በር ላይ «የቅዳሜ ማኅበራዊ ቴኒስ፣ ለሁሉም ክፍት» የሚል ተለጥፏል። «እማዬ፣ እንደ ቡና ቁጠሪው። ሄደሽ ተጫወቺና ተመለሺ» አለችኝ።

የልጄን ስኒከር ተጫምቼ፣ ራኬት ተውሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። አራት ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጫወታሉ። ሰላምታቸው ጥሩ ነው። «እንደምን ዋሉ እትዬ? ጨርሰን እንጠራዎታለን።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሴት አለቀ። (በቴኒስ ቋንቋ ዙሩ «ሴት» ነው የሚባለው። በዚያ ሜዳ የተጠራችው ሴት እሷ ብቻ ነበረች።) ሁለተኛው ተጀመረ። ሦስተኛው ሲያልቅ ብርድ መጣ። ጃኬታቸውን ደረቡና «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይበሉን» ብለውኝ ሄዱ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ እንዲያውም ሻይ ጋብዘውኛል። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲያልፍ ስኒ ያልደረሳት እንግዳ መሆን ምን እንደሚመስል ቡና የምትጠጡ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያነሣኝ ኳስ አቀባዩ ልጅ ነው። «ማዘር፣ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ግድግዳው ጋ ይምጡ» አለኝ። ከቅርጫቱ ሥር ፈልጎ ፀጉራቸው የተመለጠ፣ አየራቸው የወረደ ኳሶች አወጣልኝ። የተጣለውን ሰጠኝ ብዬ ትንሽ ከፋኝ። «አዲሱ ይነጥርብዎታል» አለኝ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን የሚይዘው የለም። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ አለው። ለተማሪ ደግሞ አረንጓዴ ምልክት ያለበት፣ ከተለመደው 25 በመቶ ያህል የሚዘገይ ኳስ አለ። እኛ ክበብ እሱን አላየሁም። ልጁ ግን ደንቡን ሳያነብ መላውን አግኝቶታል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሰዎቹ ሲዘገዩ ከልጁ ጋር ሃያ ደቂቃ ሜዳው ውስጥ ተጫወትኩ። የመጀመሪያዋን ኳስ መረቡ ያዛት። ሁለተኛዋ አጥሩን ዘልላ ወንዙ ውስጥ ገባች። ልጁ የት ድንጋይ ላይ እንደምትቆም ያውቃል፣ ወርዶ አመጣት። አምስተኛዋ ግን ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና መለስኳት! ያን ቀን ማታ ልጄ ጋ ደውዬ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት አላውቅም።

የነጥብ አቆጣጠሩን ግን እስካሁን አልተቀበልኩትም። 15፣ 30፣ ቀጥሎ 40። 30 ዓመት ሒሳብ ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር ኦዲተር ፊት አቅርቤ አላውቅም። ዜሮውን ደግሞ «ላቭ» ይሉታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ጀማሪ ለመጨመር ቦታ አይበቃም የሚሉ አሉ። ለጥንድ ጨዋታ ሜዳው 10.97 ሜትር ይሰፋል። በአንድ ወገን ላሉት ሁለት ተጫዋቾች ሲካፈል ለአንድ ሰው አምስት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። እኔ ይህንን እሮጠዋለሁ። ስለዚህ አራት ሰዎች ሦስት ሴት ሙሉ ሜዳውን ከሚይዙት፣ በየአራት ጌሙ (ጌም ማለት ሴቱ የሚከፋፈልባት ትንሿ ዙር ናት) ሁለቱ ይውጡና ከአግዳሚው ሁለት ይግቡ። ከመካከላቸው አንዱ ጀማሪ ቢሆን ጨዋታው ይበላሻል የሚል ካለ፣ ለጀማሪ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ለብቻ ይሰጠን። ካልሆነም በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንሡት።

ሌላው የልጁ ነገር ነው። እዚያ ካየሁት ሰው ሁሉ እሱ ይበልጣል። ኳስ ሲያቀብል እንኳ በራኬት ነው፣ የጠራው ሰው እጅ ላይ ያሳርፋታል። በተራ መዝገቡ ላይ ግን ስሙ አይጻፍም፤ አባል አይደለማ። ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ጥንድ ጨዋታ ቢፈቀድለት ማን ይጎዳል? ከእኔ ጋር ይመደብ፣ ሚዛኑ ይጠበቃል።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ የትኞቹ ሜዳዎች በስንት ሰዓት ጀማሪ እንደሚቀበሉ ጠይቃችሁ በስፖርት ገጹ ጥግ ብታወጡልን። ከሩጫው ላይ አራት መስመር ብትቀንሱ ይበቃል፣ ሯጮቹ አይቀየሙም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ዝናብ ካልመጣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አግዳሚው ላይ ነኝ። ዘንድሮ የራሴን ስኒከር ገዝቻለሁ።

የድሮዋ የካዛንቺስ ልጅ
አዲስ አበባ