የሥነ ዜጋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሦስቱ የአሜሪካ መንግሥት አካላት

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ በሚማሩበት ትምህርት ቤታችን፣ የሥነ ዜጋ ክበብ ዘንድሮ 23 አባላት ይዞ የአሜሪካ መንግሥት ሦስት አካላት እንዴት እንደሚሠሩ ሲያጠና ቆይቷል። ልጆቹ ጉዳዩን በመደበኛ ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ ስለሚያውቁት ሥራው ይቀልልናል ብዬ ነበር። ሆኖም ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ሕግ ተርጓሚ የሚሉትን ስሞች በሰሌዳው ላይ እንደጻፍኩ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ፍርድ ቤቱ ሕጉን ወደየትኛው ቋንቋ ነው የሚተረጉመው?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ቢስቅም ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ የተፈረመው ሕገ መንግሥት፣ ፍርድ ቤት ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ መሻር ይችላል ብሎ በግልጽ አይናገርም፤ ይህን ሥልጣን ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል በ1803 በማርበሪና በማዲሰን ክርክር በሰጡት ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ቃል ተርጉመው ያወጡት ነው።

ከጥናቱ ይልቅ ልጆቹን የያዛቸው በክፍል ውስጥ ያቋቋምነው ኮንግረስ ነበር። እውነተኛው የተወካዮች ምክር ቤት 435፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደግሞ 100 አባላት ሲኖሩት፣ እኛ 12 ተወካዮችና 6 ሴናተሮች፣ አንዲት ፕሬዝዳንት፣ አንድ ምክትልና 3 ዳኞች መረጥን። በዕረፍት ሰዓት ስልክ መጠቀምን የሚፈቅደው ረቂቅ ሕግ በተወካዮቹ ዘንድ 9 ለ 3 አለፈ፤ በሕግ መወሰኛው ግን ድምፁ 3 ለ 3 እኩል ስለተከፈለ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻ ድምፅ የሚሰጠው ምክትል ፕሬዝዳንት ረቂቁን አሳለፈው። ፕሬዝዳንቷ «ሳያማክረኝ ነው» ብላ አልፈርምም አለች። ውሳኔዋን ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ተወካዮቹ ይህን ቢያሟሉም በሕግ መወሰኛው 4 ድምፅ ስላልተገኘ ረቂቁ ወደቀ። ምክትሉ ድምፄን ልድገም ብሎ ቢለምንም የሚሰበር እኩል ድምፅ አልነበረም። እኔ በበኩሌ ሦስቱን አካላት በሦስት ክፍል አጥር እንደተለየ ግቢ አድርጎ ማስተማር ስሕተት መሆኑን ያረጋገጥኩት ያን ዕለት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አንድ እርምጃ አይራመድም።

በየካቲት አባላቱ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወላጆችን ሁለት ቅዳሜ አስጠንተዋል። እዚያ ላይ አንድ አባት «ዳኛውን የሾመው ፕሬዝዳንቱ ከሆነ፣ ሲቃወመው ለምን አያነሣውም?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ የመለሱት በ1952 ታሪክ ነበር። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት የኮሪያ ጦርነት ወቅት የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ፣ ፕሬዝዳንት ትሩማን ፋብሪካዎቹ በመንግሥት እጅ እንዲገቡ አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ኮንግረስም ሆነ ሕገ መንግሥቱ ይህን ሥልጣን አልሰጣቸውም በማለት 6 ለ 3 ትእዛዙን ሻረ፤ ከስድስቱ ሁለቱን የሾሟቸው ራሳቸው ትሩማን ነበሩ። ፕሬዝዳንቱ ዳኛ ያጫል፣ የሕግ መወሰኛው ያጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ ዳኛው በተወካዮቹ ተከስሶ በሕግ መወሰኛው ካልተፈረደበት በቀር ከወንበሩ የሚያወርደው የለም። አባትየው «እንዲያ ከሆነ ሹመቱ ስጦታ አይደለም» አሉ።

በግንቦት የኮንግረስ መቀመጫ የሆነውን የካፒቶልን ሕንፃ ጎበኘን። ከፊት ለፊቱ ያለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ቅዳሜ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ባለማጣራቴ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አባላቱን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ሆኖም ፍርድ ቤቱ በ1935 የራሱ ሕንፃ እስኪሠራለት ድረስ ለብዙ ዘመን እዚያው ካፒቶል ውስጥ ያስችል እንደነበር ሲሰሙ፣ የሚቆጣጠሩትን ሰው ቤት ተከራይቶ እንደመኖር ነው ብለው ተሳሳቁ።

የስልኩ ረቂቅ ባለቤት በሰኔ ጉዳዩ እንዲቀጥል አመልክቶ ነበር። በኮንግረስ ሥርዓት ግን ያልጸደቀ ረቂቅ ከሁለት ዓመቱ የምክር ቤት ዘመን ጋር አብሮ ስለሚያበቃ፣ በመስከረም አዲስ አባላት ሲመረጡ ከመጀመሪያው እንዲያቀርበው ተነግሮታል። የሕግ መወሰኛውን አራተኛ ድምፅ ከአሁኑ እየፈለገ ነው።