ግልጽ ደብዳቤ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፦ እየራባቸው ስለማይበሉ ልጆቻችን

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ አኖሬክሲያ ነርቮሳ (ክብደት መጨመርን ከመፍራት የተነሣ ራስን ምግብ የሚያስነፍግ የአእምሮ ሕመም) በጤና ጣቢያዎቻችን በጊዜው እንዲለይና በጥንቃቄ እንዲታከም ስለመጠየቅ

በከተማችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን በመምህርነቴ ብቻ ሳይሆን በአክስትነቴም ነው። የእኅቴ ልጅ በ17 ዓመቷ፣ ግንቦት ላይ ከዚራ በቀትር ጭር በሚልበት ሙቀት፣ ሹራብ ደርባ «በረደኝ» ትል ነበር። ወጥ የምትሠራው፣ ገበታ የምታቀርበው፣ ታናናሾቿን የምታጎርሰው እርሷ ናት፤ ለእርሷ ጉርሻ ሲዘረጋላት ግን ዓይኗ እንባ ያቀርራል። የወር አበባዋም ከቆመ ወራት አልፈው ነበር። የወሰድናት የጤና ተቋም መጀመሪያ የታይፎይድ፣ ቀጥሎ የጨጓራ መድኃኒት ሰጣት፤ በመጨረሻም «የምግብ ፍላጎቷን ይከፍትላታል» ተብሎ ሽሮፕ ታዘዘላት። ስለ ምግብና ስለ ሰውነቷ ምን እንደምታስብ የጠየቃት ሰው አልነበረም። የሕመሟን ስም የሰማነው አዲስ አበባ ድረስ ከወሰድናት በኋላ ነው።

የሕመሙ ስም ራሱ ያሳስታል፤ አኖሬክሲያ በግሪክኛ የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ነውና። በታማሚዎቹ ደም የሚታየው ግን ሌላ ነው። ግሬሊን የተባለው፣ በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጨውና እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ተመራማሪዎች የተገኘው ሆርሞን፣ ከምግብ ሰዓት በፊት ከፍ እያለ አንጎልን ረሃብ የሚያሳውቅ ነው። በእነዚህ ታማሚዎች ይህ ሆርሞን የሚገኘው ከጤነኞች በልጦ እንጂ አንሶ አይደለም። ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ደግሞ ሰውነት ስቡን ሲያጣ አብሮ ይወርዳል፤ የወር አበባ የሚቋረጥበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ልጅቱ ይርባታል። የሚከለክላት ክብደት የመጨመር ብርቱ ፍርሃት ነው፤ ይህን ፍርሃት ሽሮፕ አይነካውም። በሌላ በኩል ፔፕታይድ ዋይዋይ የተባለው የጥጋብ ሆርሞን በብዙዎቹ ታማሚዎች ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጨጓራቸውም ምግብን የሚያሳልፈው በዝግታ ነው። በመሆኑም ሁለት ጉርሻ ቀምሳ «ጠገብኩ» የምትል ልጅ እየዋሸች አይደለችም፤ እኛ ግን ውሸታም ብለናት ነበር፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ማድ ቤት መዋሏም ቢሆን የረሃብ ምልክት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወራት ምግባቸው ተቀንሶ እንዲራቡ በተደረገበት ጥናት፣ ሐሳባቸው ሁሉ ስለ ምግብ ሆኖ ነበር፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እስከ መሰብሰብ ደረሱ፣ ይበርዳቸው ነበር፣ አዘኑ፣ ከሰውም ራቁ።

የተከበረው ቢሮ በተለይ እንዲያጤነው የምለምነው ሕክምናው የሚጀመርበትን ቀን ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ምግብ ሲበላ ወይም ግሉኮስ ሲሰቀልለት ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉት ማዕድናት ከደም ወደ ሕዋሳት ይገባሉ፤ በደም ውስጥ ሲጎድሉም የልብ ምት ሊዛባ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። እኅቴ «ትጠንክርልኝ» ብላ በየሰዓቱ ገንፎ በቅቤ ታቀርብላት ነበር፤ ከፍቅር ነው፣ አደጋውን የነገራት ግን የለም። ይህ ጥንቃቄ ለባለሙያዎቻችን እንግዳ አይደለም። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል መጀመሪያ ኃይል ሰጪነቱ አነስ ያለው ኤፍ 75፣ ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ ከፍ ያለው ኤፍ 100 የተባለው ወተት የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ለአምስት ዓመት ሕፃን የምናውቀውን ጥንቃቄ ለ17 ዓመቷ ልጅ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለሆነም፣ ክብደቷ የቀነሰና የወር አበባዋ የቆመ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ ከእርግዝናና ከሌሎች በሽታዎች ምርመራ ጎን ለጎን ስለ አመጋገቧና ስለ ክብደት ፍርሃቷ ብቻዋን በአክብሮት እንድትጠየቅ፣ የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ተኝታም ቆማም እንዲለካ፣ ምግብ ከመጨመሩ በፊትና እየተጨመረ ሳለ የደም ፎስፌትና ፖታሲየም የሚመረመርበት መንገድ እንዲመቻች፣ ወደ አእምሮ ሕክምና የምትላክበትም መስመር በጽሑፍ እንዲወሰን እጠይቃለሁ። ለትምህርት ቤቶችም አጭር መመሪያ ቢደርሰን መልካም ነው። በከተማችን ዓቢይ ጾምም ረመዳንም በአንድ ግቢ ይጾማል፤ ሕመሙም በጾም ሊሸፈን ይችላል። ፋሲካ ወይም ኢድ ደርሶ ቤተሰቡ ሁሉ ሲያፈጥር እርሷ ብቻ ምክንያት እየፈለገች የምትቀር ልጅ ካለች፣ ልናስተውላት የሚገባን መጀመሪያ መምህራንና ወላጆች ነን።

የእኅቴ ልጅ ዛሬም በክትትል ላይ ናት። ይህን ደብዳቤ አንብባ፣ ስሟ እንዳይጠቀስ አሳስባ፣ እንድልከው ፈቅዳለች። ቢሮው ሥልጠና ለማዘጋጀት ቢወስን፣ የሆርሞኖቹን አሠራር በቀላል አማርኛ በማስረዳት ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የባዮሎጂ መምህርት፣ ድሬዳዋ