ደብዳቤ ለልጄ፦ ከዝርዝርሽ ውስጥ ስላጣኋቸው ቦክሰኞች

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የላክሽልኝን ዝርዝር ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምንጊዜም አሥር ምርጥ የዌልተር ሚዛን ቦክሰኞች። ስም ብቻ ሳትደረድሪ ለእያንዳንዱ ምክንያት መጻፍሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። አጠገቤ ቁጭ ብላ በእርሳስ ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ስትቆጥር የነበረችው ትንሿ ልጅ ትዝ አለችኝ። አንዳንዱ ላይ ግን አልስማማም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

አንደኛ ሜይዌዘርን አድርገሻል። ምክንያትሽ አጭር ነው፤ 50 ተጋጥሞ 50 አሸነፈ። ሜይዌዘርን እኔም አከብረዋለሁ። እንደሱ ቡጢ የሚያስት ሰው ጥቂት ነው። ግን ዜሮን መለኪያ ካደረግን ብዙ ሰው እንበድላለን። ከባድ ከባዱን ደጋግሞ የሚገጥም ሰው አንድ ቀን መሸነፉ አይቀርም። እኔ የአንድን ቦክሰኛ ልክ ለማወቅ ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። ማንን ገጠመ? ማንስ ሸሸው?

በዚህ ሚዛን፣ በ147 ፓውንድ ማለትም 66.7 ኪሎ ገደማ፣ ለእኔ አንደኛ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ነው። አንቺ አራተኛ አድርገሽዋል። ሽንፈቶቹን ስለቆጠርሽ ይመስለኛል። አብዛኞቹ እኮ ወደ መካከለኛ ሚዛን ከወጣ በኋላ፣ ዕድሜውም ከገፋ በኋላ የመጡ ናቸው። በታኅሣሥ 1946 ቶሚ ቤልን አሸንፎ የዌልተር ዘውዱን ሲወስድ ከ70 በላይ ድል ነበረው። ሽንፈቱ አንድ ብቻ! እሱንም ያሸነፈው ጄክ ላሞታ ነው፤ በዚያ ምሽት በ16 ፓውንድ ገደማ ይበልጠው ነበር። ሮቢንሰን በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ላሞታን በነጥብ ረታው። ከዚያ በኋላ እስከ 1951፣ ራንዲ ተርፒን ለንደን ላይ እስኪያሸንፈው ድረስ፣ ማንም አልረታውም። የሚያሳዝነው ዛሬ የምናያቸው ፊልሞቹ በአብዛኛው የመካከለኛ ሚዛን ዘመኑ ናቸው። በ147 ፓውንድ የነበረውን ሮቢንሰን ያየው ትውልድ ሌላ ነው።

ሁለተኛ ሄንሪ አርምስትሮንግ። እሱን አንቺም ሦስተኛ ስላደረግሽው ብዙ አልከራከርሽም። በ1938 የላባ፣ የቀላልና የዌልተር ሚዛን ዘውዶችን በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። ያኔ ለአንድ ሚዛን በአብዛኛው አንድ ሻምፒዮን፣ የሚዛኖቹም ብዛት ስምንት ብቻ እንደነበር አትርሺ። የዌልተሩን ዘውድ ከባርኒ ሮስ ሲወስድ ክብደቱ ከ135 ፓውንድ በታች ነበር። ከክብደት መለኪያው በፊት ውኃ እየጠጣ ነው ኪሎውን ያሳደገው። ሮስ ያን ምሽት ክፉኛ ተደበደበ። ከጥጉ ያሉት ሰዎች ይብቃህ ቢሉት እምቢ አለ። 15ቱን ዙር በእግሩ ቆሞ ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲያም ሪንግ ውስጥ ተመልሶ አልገባም። ተሸናፊም ሆኖ የሚከበር ሰው አለ የምልሽ እንዲህ ያለውን ነው።

ወደ ሌናርድና ሄርንስ ልምጣ። ሌናርድን አምስተኛ አስቀምጠሽ ቶማስ ሄርንስን ጨርሶ አውጥተሽዋል። ለምን? በ1981 ስለተሸነፈ? እስቲ ያን ፍልሚያ እንደገና ክፈቺውና 13ኛውን ዙር ብቻ እዪ። ሌናርድ ግራ ዓይኑ አብጦ ሊዘጋ ምንም አልቀረው። ሄርንስ በዚያ ረጅም ጃቡ ሲቀጠቅጠው ነው ያመሸው። ከ12ኛው ዙር በኋላ የሌናርድ አሰልጣኝ አንጀሎ ዳንዲ ፍልሚያው ከእጅህ እያመለጠ ነው ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ሌናርድ አንድ የቀኝ ቡጢ ያሳርፋል። የሄርንስ እግር ሲላላ ይታይሻል። ያ ረጅም ሰው እንደ ጨርቅ ገመዱ ላይ ሲተኛ፣ ሌናርድ ሲከተለው፣ ሕዝቡ ሁሉ ሲነሳ። በ14ኛው ዙር ዳኛው አስቆሙት። የሦስቱም ዳኞች ነጥብ ግን እስከዚያች ደቂቃ ሄርንስን የሚያስመራ ነበር! በዌልተር ሚዛን የተሸነፈውም ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፒፒኖ ኩዌቫስን በሁለት ዙር ዘርሮ ቀበቶ የወሰደ ሰው ከአሥሩ ውስጥ አይጠፋም። እባክሽ መልሺው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ቻርሊ በርሊ የለም። ስሙን ሰምተሽው እንደማታውቂ ገባኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። በልጅነትሽ ሻምፒዮኖችን ብቻ ነበር የማሳይሽ። በርሊ ደግሞ ሻምፒዮን አልነበረም። እንዲሆንም ዕድል አልሰጡትም።

የፒትስበርግ ልጅ ነው። በ1936 ወደ በርሊን ኦሎምፒክ የሚወስደውን ማጣሪያ ትቶ ባርሴሎና ወደተዘጋጀው የሕዝቦች ኦሎምፒያድ ሄደ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳና ሁሉም ነገር ቀረ። ተመልሶ ፕሮፌሽናል ሆነ። ፍሪትዚ ዚቪክን ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሁለቱን አሸነፈ። ያ ዚቪክ በ1940 የአርምስትሮንግን የዌልተር ዘውድ የወሰደው ሰው ነው። አስቢው፤ ሁለት ጊዜ የረታው ሰው ዘውድ ሲጭን በርሊ ለዘውዱ አንድም ቀን አልተጋበዘም። ጥቁር ነበር፣ ጎበዝ ነበር፣ እሱን ገጥሞ የሚገኘው ገንዘብም ትንሽ ነበር። ለዚህ ሲባል የሚደፍረው ማናጀር ጠፋ። አንደኛ ያልኩሽ ሮቢንሰን እንኳ አልገጠመውም። ሮቢንሰንን በጣም እወደዋለሁ፤ ይህን ግን አልደብቅለትም።

በ1944 በርሊ ከሚዛኑ ወጥቶ አርቺ ሙርን ገጠመ። ሙር በኋላ የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ለዓመታት የነገሠው ነው። በርሊ መሬት ላይ እየጣለ በነጥብ አሸነፈው። ሙርም ከገጠምኳቸው ሁሉ የሚበልጠው በርሊ ነው እያለ ሲመሰክር ኖረ። በ98 ፍልሚያ አንድም ጊዜ በዝረራ አልተሸነፈም። ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ በፒትስበርግ ቆሻሻ እየሰበሰበ ቤተሰቡን አስተዳደረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። የእሱን ሥራ መናቄ አይደለም። ቀበቶው ወገቡ ላይ ሊሆን ይገባ ስለነበር ነው። እኔ ስድስተኛ አድርጌዋለሁ።

ሌላው ሉዊስ ሮድሪጌዝ ነው፤ ኩባዊ። ማያሚ ውስጥ በአንጀሎ ዳንዲ ሥር ሲሠለጥን ወጣቱ መሐመድ አሊ እዚያው ጂም ውስጥ ነበር። አሊ ከእግሩ አጣጣል ብዙ ቀስሟል። ሮድሪጌዝ ኤሚል ግሪፊዝን አራት ጊዜ ገጠመው። መዝገቡን ብታዪ ግሪፊዝ 3 ለ 1 ይላል። ነገር ግን ሦስቱም የግሪፊዝ ድሎች ዳኞች የተከፋፈሉባቸው ናቸው። ሁለት ዳኞች ለዚህ፣ አንዱ ለዚያ። እንዲህ በቀጭን ክር የተለያዩ ሰዎችን አንዱን አንግሦ ሌላውን መርሳት ይከብደኛል። ሮድሪጌዝ በመጋቢት 1963 ሎስ አንጀለስ ላይ ዘውዱን ከግሪፊዝ የወሰደበት ምሽት እንኳ የእሱ አልሆነም። በዚያው ሪንግ፣ በዚያው ምሽት ዴቪ ሙር በሹገር ራሞስ ተመትቶ ወደቀ፤ ከቀናት በኋላም አረፈ። ጋዜጣው ሁሉ ስለዚያ ነበር የጻፈው። እንዴትስ ሌላ ይጽፋል?

ሆሴ ናፖሌስን ስላስገባሽ ተባረኪ። ኩባ ፕሮፌሽናል ቦክስን ስትከለክል ሜክሲኮ ገብቶ የሠራ፣ ቅቤ የሚል ቅጽል የወጣለት ሰው። ሲንቀሳቀስ እውነትም ቅቤ ነው። ዘውዱን የወሰደበት ከርቲስ ኮክስ ዓይኑ ከማበጡ የተነሳ ለ14ኛው ዙር መውጣት አልቻለም። ሦስተኛም ብታደርጊው አልቃወምም።

ዊተከርን ዘጠነኛ ያደረግሽው ከቻቬዝ ጋር አቻ ስለወጣ ከሆነ አሁኑኑ ቀይሪው። ያ ግራኝ በ1993 ሳን አንቶኒዮ ላይ 87 ጊዜ አሸንፎ ያልተሸነፈውን ሰው ሲያጫውተው ነው ያመሸው። አቻ ያሉት ሁለቱ ዳኞች ናቸው። ያየው ሰው ሌላ ነው የሚልሽ። ክራውፎርድንም ከፍ አድርጊው። በ2023 ስፔንስን ሦስት ጊዜ ጥሎ በ9ኛው ዙር ያስቆመበት ምሽት ከድሮዎቹ ጋር ያስቆጥረዋል።

አይክ ኳርቴይ አሥር ውስጥ አይገባም፤ አውቃለሁ። ግን የጋናዊውን ጃብ ሳታዪ ስለ ጃብ አትጻፊ። በ1999 ደ ላ ሆያን ሲገጥም ስድስተኛው ዙር ላይ ሁለቱም ተራ በተራ ወደቁ። በመጨረሻው ዙር ኳርቴይ እንደገና ባይወድቅ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከበርሊ ፍልሚያዎች እስከ ዛሬ የተገኘው ፊልም የአንዱ ብቻ ነው፤ በ1946 ቢሊ ስሚዝን የገጠመበት። ፈልገሽ እዪው። እጆቹን ዝቅ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን በትንሹ ብቻ ዘወር እያደረገ ሲያስት ታዪዋለሽ። እንደ ድሮው እርሳስ ያዢ። ስሚዝ ስንት ሰንዝሮ ስንቱ እንዳረፈ ቁጠሪና ቁጥሩን ከአዲሱ ዝርዝርሽ ጋር ላኪልኝ። እኔም ቆጥሬ እጠብቅሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ