ያ ስድሳ በመቶ

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኛ ከናፍቆት በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በኮሮና ክትባት ምክንያት ተኳርፈን ይህን ያህል ዘመን ቆየን ብል ማን ያምነኛል?

የመጨረሻው መልእክትህ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። «እስራኤል ውስጥ በጽኑ ከታመሙት ስድሳ በመቶው የተከተቡ ናቸው፤ እንግዲህ ምን ትላለህ?» ያኔ የተባባልነውን እንተወው። ከስድቡ መሀል ሳልነግርህ የቀረ መልስ ግን አለኝ።

ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። በፈረንጆቹ ኦገስት 2021 አጋማሽ እዚህ እስራኤል ከነበሩት 515 ጽኑ የኮሮና ሕሙማን 301ዱ ሁለቱንም ዙር የተከተቡ ነበሩ። ነገር ግን ዕድሜው ከ50 በላይ ከሆነው ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ ተከትቦ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ከሆነ ታሞ የሚተኛውም ጾመኛ ነው፤ ጾሙ አሳመመው አይባልም። ከ50 በላይ ያሉትን ብቻ ለይተህ ብታይ፣ ካልተከተቡት ከ100,000 ሰው 92 ያህሉ በጽኑ ሲታመሙ ከተከተቡት 14 ያህሉ ናቸው። ያልተከተበው አብዛኛው ወጣት ነበር፤ ወጣት ላይ ደግሞ በሽታው ሳይከተብም ብዙ አይጸናም። ሽማግሌውንና ጎረምሳውን አንድ ላይ ስትደምር ነው ክትባቱ የደከመ የሚመስለው።

ለጥርጣሬህ መንገድ የከፈቱልህ ግን እነዚያው ክትባቱን ሲያወድሱ የነበሩት ናቸው። በፋይዘር ክትባት ሙከራ ከታመሙት 170 ሰዎች 162ቱ ለማነጻጸሪያ ጨው ውሃ የተወጉ፣ 8ቱ የተከተቡ ነበሩ። 95 በመቶ ይከላከላል የተባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ የለካውም ምልክት ያሳየ ሕመምን ነው፣ ያውም በጥቂት ወራት ውስጥ። በየአደባባዩ ግን «ከተከተብክ አይነካህም» ተባለ። ዴልታ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ መጣ፣ የክትባቱም ጉልበት በጊዜ እየቀነሰ ሄደ። በጁላይ 2021 የዚሁ አገር ጤና ሚኒስቴር ከመያዝ የሚከላከለው 39 በመቶ ብቻ ነው ሲል ወሬው አገር ለአገር ዞረ። ከጽኑ ሕመም ግን 91 በመቶ ይከላከላል ማለቱን ማን ልብ አለው?

በዚያ ሰሞን እናቴን ለሦስተኛው ዙር ቁፓት ሆሊም፣ የጤና መድኑ ክሊኒክ፣ ወሰድኳት። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ አድርጋ ነርሷን «ሁለቱ የት ሄዱ?» አለቻት። አስተረጎምኩላት። ነርሷ ሳቀች እንጂ አልመለሰችም። ሚኒስትሮቹ ሳይጠየቁ መናገር የነበረባቸው ይህንኑ ነበር።

እናንተ ጋ ደግሞ በመጋቢት 2013 አስትራዜኔካ የተባለው ክትባት መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያው ወር እነ ዴንማርክ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ በደም መርጋት ስጋት ለጊዜው አቁመውት ነበር። ጎንደር ተቀምጦ ይህን የሰማ ሰው ቢያመነታ አልፈርድበትም። ካመነታ በኋላ ግን ያገኘውን ቁጥር ሁሉ ለጥርጣሬው ማሟያ ማድረጉ ነው የማይዋጥልኝ።

በል እንግዲህ ጻፍልኝ። ስለ ልጆቹም ጻፍልኝ፤ ትልቁ መቼም ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ አልቀረም። ብትሞግተኝም ደስ ይለኛል፤ ቁጥር ከላክህ ግን በዕድሜ ለይተህ ላክልኝ።

ወንድምህ
ከነታንያ